ስናጠና ዘፈን ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

በየመኝታ ክፍሉና በየኪራይ ቤቱ ማታ ማታ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ዘፈን ከፍቶ «እኔ ያለ ሙዚቃ አይገባኝም» ይላል። ሌላው ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ «ኧረ ባክህ ወንድሜ ዝጋው፣ ነገ ፈተና አለብን» ይላል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በማስረጃ ሳይሆን የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለዚሁ ጉዳይ፣ አያይዤም ለጥናት ስለሚረዱ መጻሕፍት ጥቂት ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ዘፈንንና መጽሐፍን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፣ ዛሬ ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ስልክ ውስጥ ነው። የታተመው የመማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም አልዳረስ ሲል ተማሪው በቴሌግራም ያወርደዋል፤ ዘፈኑም እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። ከምዕራፍ ሦስት ተነሥቶ ዘፈን ውስጥ ለመግባት አንድ ጣት ይበቃል።

ከራሴ ልጀምር። አንደኛ ዓመት ሳለሁ የምኖረው ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነበር። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ድምፁንም ያውቀዋል፦ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ እያሉ የሚጣሩ ረዳቶች፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን። ከዚህ ሁሉ ለመሸሽ ብዬ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ዘፈን እያዳመጥኩ፣ የሕፃናት ሥነ ልቡና ትምህርቴን ሦስት ሌሊት አጠናሁ። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጫለሁ፤ በቢጫ ቀለም አስምሬያለሁ፤ እንቅልፍም በቅጡ አልተኛሁም። የፈተናው ቀን ወረቀቱ ሲታደል ጥያቄው «ፒያዤ ያስቀመጣቸውን አራቱን የልጅ የአስተሳሰብ እድገት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ጻፍ» ይላል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ትዝ አለኝ። ከዘፈኖቹ ግን አንድ ስንኝ አልጠፋብኝም፤ ጥያቄው ስለ እነሱ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ አገኝ ነበር። ወደቅሁ።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ስናነብ አፋችን ዝም ቢልም ውስጣችን ዝም አይልም። ዓይን ያየውን ቃል አእምሮ በውስጥ ድምፅ እየደገመ ለጥቂት ሰኮንዶች ይይዘዋል፤ ከፊተኛው ጋር አያይዞ እስኪረዳው ድረስ ማለት ነው። ይህች የውስጥ ድምፅ ጠባብ በር ናት። ዘፈኑም ቃል ስላለው በዚያችው በር ልግባ ይላል። ሁለቱ ሲጋፉ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልፈው ዘፈኑ ነው፤ ለምን ቢሉ ዘፈኑ ዜማ አለው፣ ቤት ይመታል፣ ደግሞም መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። የፒያዤ ደረጃዎች ምስኪኖች ዜማም ቤትም የላቸው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሳላሜና ባድሊ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ሰዎች ቁጥሮችን በቅደም ተከተል እንዲይዙ እያደረጉ ሞክረውታል። ዘፋኝ ያለበት ሙዚቃ ሲሰማ ስሕተቱ በዛ፤ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማው ያነሰ አወከ፤ ጸጥታው ከሁሉም በለጠ። «እኔ ግን የምወደው ዘፈን ሲሆን ነው የሚገባኝ» የሚል አይጠፋም። ለዚህም መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የፐርሃምና የቪዛርድ ጥናት ሰዎች የሚወዱትንም የሚጠሉትንም ሙዚቃ እያሰማ አነጻጽሮ ነበር። ወደዱትም ጠሉትም እኩል አወካቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ የምንወደው ዘፈን ሲያውከን ደስ እያለን ነው።

የእኛ አካባቢ ተማሪ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። ቤቱ በቸሃኛ፣ በክስታንኛ ወይም በመስቃንኛ ይናገራል፤ ከተማ ወጥቶ በአማርኛ ያወራል፤ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን እያነበበ በውስጡ ወደ አማርኛ፣ አንዳንዴም ወደ እናቱ ቋንቋ ይመልሳል። በዚህ መካከል የአማርኛ ዘፈን ሲገባ የሚቀማው የትርጉም ሥራው የሚሠራበትን ቋንቋ ነው እኮ! አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «እንግዲያው የህንድ ዘፈን ልክፈታ» ብሎ ሳቀ። የህንዱ ሐሳቡ ክፋት የለውም፤ ትርጉሙን የማናውቀው ቃል ያነበብነውን ለመረዳት ያን ያህል አይጋፋም። ነገር ግን ዝርዝር ለመያዝ ሲሆን እሱም ያውካል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮልና ዌልሽ ያጠኗቸው አሜሪካውያን ተማሪዎች ጀርመንኛ አያውቁም ነበር፤ ጀርመንኛ ሲነበብ እየሰሙ ግን ፊደላትን በቅደም ተከተል መያዝ ከበዳቸው። ጆሮ የሰውን ድምፅ አላውቅህም ብሎ አያሳልፍም።

እዚህ ላይ ሞዛርትን የሚያነሣ ሰው ይኖራል፤ «ሞዛርት ያዳመጠ ልጅ ይበራለታል» የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ ደርሷል። የወሬው ሥር እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣች አጭር ጽሑፍ ናት። በካሊፎርኒያ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ለአሥር ደቂቃ አንድ የሞዛርት የፒያኖ ድርሰት ከሰሙ በኋላ ቅርጽን በሐሳብ በማዟዟር ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥቅሙ የቆየው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ስለ ሕፃናት የተባለ ነገር የለም፣ ስለ ንባብም የተባለ የለም። ነገር ግን ወሬው ክንፍ አወጣና እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ገዢ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የሙዚቃ ሲዲ እንዲታደል በጀት እስከ መጠየቅ ደረሱ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 የቪየና ተመራማሪዎች ወደ 40 የሚጠጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ የሞዛርት የተለየ ኃይል አልተገኘም። የተገኘው ሌላ ነው፦ ደስ የሚል ነገር የሰማ ሰው ይነቃቃል፤ የነቃ ሰው ለጥቂት ጊዜ በተሻለ ይሠራል። ይህንኑ መነቃቃት ሞቅ ያለ ቡናም ይሰጣል።

ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። ሙዚቃ ከጥናት በፊት ያነቃቃል፣ በእረፍት መካከል ያድሳል። የጉራጌኛ ጭፈራ ሲከፈት የማን ትከሻ ዝም ይላል? እኔ አርባ ደቂቃ ካነበብኩ በኋላ ተነሥቼ አንድ የማሕሙድ አሕመድ ጉራጌኛ ዘፈን እከፍታለሁ፤ ደሜ ይዘዋወራል፣ እንቅልፌም ይበራል። ሲያልቅ ግን ዘግቼ ነው ወደ ወንበሬ የምመለሰው።

«ጎረቤቴ ዝም ካላለስ? ጸጥታ ከየት ላምጣ?» ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቡታጅራም ወልቂጤም ከተማ ናቸው፤ ጸጥታ በኪራይ አይገኝም። እንደ እኔ አስተያየት የሰው ወሬ ጆሮ ላይ ከሚደርስ ቃል የሌለው ሙዚቃ በዝግታ ከፍቶ ወሬውን መሸፈን ይሻላል። ቃል የሌለውን ሙዚቃ እኛ በጅምላ «ክላሲካል» እንለዋለን፤ ይሁን። ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉልን። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉ መነኩሴ ናቸው። የፒያኖ ድርሰቶቻቸው መጀመሪያ በሸክላ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ነው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ቁጥር 21 ሆነው ለዓለም ተዳረሱ። የፒያኖው አካሄድ እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ አይጮኽም፣ አይቸኩልም። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄም በዚሁ ተከታታይ ቁጥር 4 ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጡ ቃል የሌላቸው ሥራዎች አሏቸው፤ እነዚህ ትንሽ ሞቅ ይላሉ፤ ለሒሳብ ስሌት ይሆናሉ፣ ለንባብ ግን እኔን ይከብዱኛል። ጌታቸው መኩሪያን ግን ለጥናት አትክፈቱ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያመጡ ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ ጥሎ ጦር ያስመዝዛል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ገጥሞኛል። ዋሽንት ወይም ክራር የታወቀ ዘፈን ሲጫወት ዘፋኝ ባይኖርም ግጥሙን ራሴ ውስጤ እዘፍነዋለሁ! ትዝታ ሲጫወት የትኛው ኢትዮጵያዊ ነው ቃሉ የማይመጣበት? ስለዚህ ለጥናት የሚሆነው ግጥሙን የማናውቀው ዜማ ነው። ድምፁም ዝቅ ይበል፤ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ከማዳመጫህ ከሰማው በዝቷል ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ዜማ የጥናት ጠላት ነው የሚያሰኝ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አያቶቻችን የተማሩት በዜማ አይደለም ወይ? የቆሎ ተማሪው ፊደሉንም ንባቡንም ዳዊቱንም ድምፁን ከፍ አድርጎ እያዜመ ነው የያዘው። የቁርኣን ቤት ልጆችም ሉሓቸውን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዙ ይቀራሉ። በአብሬትና በቃጥባሬ ባሉት የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች መንዙማ ለመጸሐፍ ያልደረሰውን ሕዝብ ሃይማኖቱን አስተምሮበታል። ታዲያ ዜማ ያኔ ረድቶ ዛሬ ለምን ያውካል?

መልሱ ዜማው የማንን ቃል ተሸክሟል በሚለው ላይ ነው። የቆሎ ተማሪው ዜማ የሚሸከመው የሚማረውን ቃል ራሱን ነው፤ በዚያች ጠባብ በር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዜማው መንገድ ይመራዋል እንጂ አይጋፋውም። የእኔ ማዳመጫ ግን የሌላ ሰው ፍቅር ተሸክሞ ነበር የመጣው። ዋንዳ ዋላስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ግጥም በዜማ ሲማሩት ዝም ብሎ ከሚነበበው በተሻለ እንደሚታወስ አሳይተዋል። ዜማው ግን ቀላልና ተደጋጋሚ መሆን ነበረበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ አዲስ ዜማ አልረዳም። የማባዛት ሠንጠረዥን በአንድ ዓይነት ቀላል ዜማ ያስያዙን መምህራን ይህን ጥናት ሳያነቡ ያውቁት ኖሯል።

ነገር ግን ዜማም ወጥመድ አለው። ለማስተማር ልምምድ ቡታጅራ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተመድቤ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ከሀ እስከ ፐ እንደ ውሃ ያንበለብለዋል። ክፍሉ አጨበጨበለት፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቴን «ሚ» ላይ አሳርፌ «ይህስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ። ቆየና በሹክሹክታ «መ፣ ሙ...» ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ «ሚ» ላይ ደረሰ። ልጁ የሚያውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። የጥንቶቹ የኔታዎች ይህን ቀድመው አውቀውት ነበርና መድኃኒቱን አብጅተዋል፤ ሀ ሁ ሂ ከተያዘ በኋላ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ይመጣል። ተራው ተሰብሮ፣ ፊደሉ ከነእርባታው ተዘበራርቆ ይቀርባል። የለመደው ዜማ ስለማያደርሰው ልጁ ዓይኑን ፊደሉ ላይ ለማሳረፍ ይገደዳል። አቡጊዳ በሌላ አነጋገር ፈተና ናት። በማግስቱ ፊደሎቹን በካርቶን ቆራርጬ አደባልቄ አመጣሁ፤ ያ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳይዘምር ማንበብ ጀመረ።

መጽሐፍን በሚመለከት የምለውም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ለጥናት የሚረዳ መጽሐፍ የትኛው ነው ቢባል፣ የሚጠይቅህ ነው። እኔ በቢጫ ቀለም ያሰመርኩበት ሃንድአውት ምንም አልጠየቀኝም፤ ስገልጠው ሁሉ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ዓይን የለመደው ነገር የታወቀ ይመስላል፣ አታላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንደኛው ወገን ደግሞ አነበበው፤ ሁለተኛው ወገን ወረቀቱን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 ላይ ቀሩ። ለፈተና ዋዜማ ብቻ የሚያነብ ሰው ለምን ራሱን እንደሚያታልል ከዚህ ይታያል። ፈተናው ደግሞ የሚመጣው አንብበን በአምስተኛው ደቂቃ አይደለም።

ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ስትወስዱ መጀመሪያ የምዕራፉን መጨረሻ ግለጡ። ጥያቄ አለው? ምሳሌና መልስ አለው? ከሌለው ርዕሱን ራሳችሁ ወደ ጥያቄ ለውጡት። አሜሪካዊው ፍራንሲስ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት የአጠናን መጽሐፍ ያስተማሩት መንገድ ይኸው ነው፦ ምዕራፉን ቃኝ፣ ርዕሱን ጥያቄ አድርገው፣ መልሱን ፍለጋ አንብብ፣ ዘግተህ በራስህ ቃል ተናገረው፣ በመጨረሻ ከልስ። ዘግቶ የመናገሩን ደረጃ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን፤ የሚያሳፍረው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ከአቅም በላይ እንደሆነ የሚታወቅበት ቀላል መንገድም አለ። አንድ ገጽ አንብብ፤ የማታውቀው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ዘርጋ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱ ጣት ከተዘረጋ መጽሐፉን ለጊዜው መልሰህ ቀለል ያለ ያዝ። ለምታስተምሩት ልጅም ይሠራል፣ ጣት ደግሞ በጀት አይጠይቅም። እንግሊዝኛ የሚከብደን ሰዎች በአንድ ጊዜ ወፍራሙን የትምህርት መጽሐፍ ይዘን የምንሰቃየው ይህን ደረጃ ዘልለን ነው።

ልብ ወለድ ማንበብን ጊዜ ማጥፋት የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማንበብ እንደ ሩጫ ነው፤ ያልሮጠ እግር ለውድድር ቀን አይታዘዝም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጨረሰ ሰው ረጅም ጽሑፍ አያስፈራውም። ዓይኑ ለደከመው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው አለ፤ ይህንን ግን ልብስ እያጠባችሁ ስሙት እንጂ ሌላ መጽሐፍ ገልጣችሁ አይሆንም። የራሳችን ሰው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምንም ማንበብ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ የታተመው የሺነጋ መንደር የሚለው መጽሐፋቸው መጀመሪያ የተጻፈው በቸሃኛ ነበር፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ዎልፍ ሌስላው ናቸው። እንግሊዝኛ ለሚቸግረው የጉራጌ ልጅ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ ቤቱን፣ እንሰቱን፣ ሽማግሌውን አስቀድሞ ያውቃቸዋል፣ የሚቀረው የእንግሊዝኛ ቃላቸው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የእኛ የግል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ግድግዳ ላይ ባልለጠፍኩት ነበር። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ዘፈን ነው የሚል የለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ መጽሐፍ ማጣትም፣ መምህር ማጣትም አለበት። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች መካከል ሌሊቱን ሙሉ ገጽ ሲገልጡ አድረው «አጥንቼ ነበር እኮ» ያሉ ስንት አሉ? እነሱን የሚከተሉት ልጆች ነገ እኛ ክፍል ይቀመጣሉ። እንዴት እንደሚጠና ያልነገርነው ልጅ የሚያደርገው እኔ ያደረግኩትን ነው።

የወደቅሁበትን ትምህርት በሚቀጥለው መንፈቅ ደግሜ ወሰድኩ። ማዳመጫውን ለመኝታ ጓደኛዬ አስቀምጥልኝ ብዬ ሰጠሁ፤ እሱም በልዋጩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ስልኩን ዝም ሊያሰኝ ተስማማ። ፒያዤን አላሰመርኩበትም። አራቱን ደረጃዎች የመስቃን ልጆች ሲጫወቱ በሚሉት ቀላል ዜማ አስገብቼ፣ ከዚያም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ከመካከል ወደ ዳር እያልኩ እንደ አቡጊዳ ሰባበርኩት። ደብተሬን ዘግቼ ስጽፍ የሳትኩትን በማግስቱ ቀድሜ ጻፍኩት። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ጓደኛዬ ዘፈኑን ይከፍታል፤ ያኔ እኔም አልቃወመውም። የዚያን መንፈቅ «ቢ» አገኘሁ። ማዳመጫውን እስካሁን አልመለሰልኝም።